የንጋትወርቅ የቢላ ሣጥን

ንጋትወርቅን ያገኟት በምታበስልበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ሥር በደረቷ ተደፍታ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያርፍ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ የእሷን ጥብስ ያልቀመሰ የለም፤ ጀርባዋን የወጋት እጅም ሳይቀምስ አልቀረም።

ኢንስፔክተር መንበረ ስትደርስ አስከሬኑ ለምርመራ አዳማ ሄዷል። የሆቴሉ ባለቤት አለባቸው በዚያ ሐሩር ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ግቢው ውስጥ ባስተከለው ድንኳን ለቅሶ ይቀበላል። የሟች ታናሽ እህት ሄዋን ግን እጇ በካቴና ታስሮ አጥሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው በአጠገቧ ሲያልፍ እንትፍ ይልባታል።

«ይህችን ልጅ ማን አሰራት?» አለች መንበረ።

«እኛ ነን፤ አቶ አለባቸው ጠቁመው፣» አለ ተረኛው ፖሊስ። «በሩ ሁሉ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነው ያደረው። ግቢው ውስጥ ያደሩት እሳቸው፣ ሾፌሩ ኢስማኤልና እሷ ብቻ ናቸው። የተገደለችበት ቢላ ደግሞ አጠገቧ አልተገኘም፤ ታጥቦ ሳይመለስ አልቀረም፤ ዕቃ አጣቢዋ እሷ ናት።»

«እንዲያ ከሆነማ ሳህን ያጠበ ሁሉ ይታሰራ!» አለችና ወጥ ቤት ገባች።

ጠረጴዛው ላይ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት የተሠራ፣ ክዳን የሌለው ሣጥን ተቀምጧል። ውስጡ ቀጫጭን ዘንግ መሳይ ነገር ቀጥ ብሎ ተጠቅጥቆበታል፤ ጭስና ቅባት አጥቁሮታል። ቢላዎቹ በዚያ መሃል ተሰክተው እጀታቸው ብቻ ይታያል። መንበረ አንዱን ሳበች፤ ወጣ። ሌላውንም ሳበች፤ ወጣ። ትልቁ የሥጋ ቢላ ግን እንቢ አለ። በሁለት እጇ ስትጎትተው፣ አብጦ መልሶ የደረቀ፣ ቀላ ያለ ነገር እንደ ሙጫ ተጣብቆበት መጣ። በጥፍሯ ፈረፈረችው፤ ጣቷን አሸተተች።

ኢስማኤል መኪናው ጎማ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

«ሣጥኑን ማን ሠራው?» አለችው መንበረ።

«እኔ ነኝ። ቢላዎቼ መሳቢያ ውስጥ እየተጋጩ ዶለዶሙ ብላ ነዘነዘችኝ፤ ጋራዥ ወስጄ ቸነከርኩላት። ዛሬ እሷንና ሄዋንን ሰመራ ላደርሳቸው ነበር። የራሷን ምግብ ቤት ልትከፍት ነበር። ወላሂ፣ ዕቃቸው መኪናዬ ላይ ነው!»

«አቶ አለባቸው ያውቁ ነበር?»

«ማታ ነግራቸዋለች። መርቀው ነው ያሰናበቷት።»

መንበረ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሄዋንንም አስመጣቻት፤ ሣጥኑንም ፊታቸው አስቀመጠችው።

«አቶ አለባቸው፣ ይሄ የተጠቀጠቀው ምንድን ነው?»

«ስንደዶ ነዋ! እሱን ለመጠየቅ ነው ለቅሶ የሚበጠበጠው?»

«ኢስማኤል፣ አንተስ?»

ኢስማኤል ሄዋንን አየት አደረገ። «ፓስታ ነው፣» አለ። «ጥሬ ፓስታ።»

«እኔ ነኝ የጠቀጠቅኩት፣» አለች ሄዋን አንገቷን ደፍታ። «ቢላ በፈለጉበት ይገባል፤ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ሁልጊዜ ወልውለን ነው የምንሰካው። ጋሼ መሬት የወደቀ ፓስታ የሚያስለቅሙን ሰው ናቸው፤ እንዳይቆጡን ስንደዶ ነው አልናቸው።»

መንበረ ቢላውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ገዳዩ ይህን አጠበና ሳያደርቀው ሰካው። ፓስታ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ የአዋሽ ሙቀት ደግሞ ወዲያው ያደርቀዋል። እጀታው ሥር የቀረው ደም ነው ያቀላው። ሄዋንና ኢስማኤል ፓስታ መሆኑን ያውቃሉ፤ እርጥብ ቢላ አይከቱበትም። ስንደዶ ነው ብሎ ላመነ ግን ምን ቸገረው? ስንደዶ ውኃ አይፈራም።»

«ደንግጣ ቢሆንስ?» አለ አለባቸው።

«የደነገጠ ቢላውን ጥሎ ይሮጣል። ይህ ሰው ግን ረጋ ብሎ አጥቦ፣ ቦታው መልሶ፣ አጣቢዋን ጠቆመ። ግቢው ውስጥ ካደራችሁት ስንደዶ የሚለው ማን ነው?»

አለባቸው ሣጥኑን አፍጥጦ አየ። «የኔን ፓስታ?» አለ። ከሰው ነፍስ ይልቅ ፓስታው ቆጨው። ለቀስተኛው ትክ ብሎ ሲያየው ጊዜ ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሾፌር ሁሉ የሚመጣው ለእሷ እጅ ነው። ሰመራ ከገባች እኔ ባዶ ቤት ልጠብቅ? ለኔ ካልሆነች ለማንም አትሆንም አልኩ።»

«ልጅቷንስ ለምን?»

«እሷስ ማን አላት?» አለ፣ ጥያቄው ራሱ እየገረመው። «ማን ይጠይቅላታል ብዬ ነው።»

መንበረ ካቴናውን ከሄዋን እጅ ፈትታ እሱ ላይ አጠበቀችው። ጠዋት ምራቃቸውን የተፉት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ አይዞሽ የሚላት ግን አልተገኘም።

ሄዋን ካቴናው የላጠውን እጇን እያሻሸች ተነሣች። «እህቴን የት ወሰዷት?» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የነገራት ሰው አልነበረም።

«አዳማ፣ ሆስፒታል።»

«ብቻዋን?»