የተሳበው እጅ ፍሬን

ሟቹ የተገኘው በመኪናው የኋላ መከላከያና በሥራ ጠረጴዛው መካከል ተጣብቆ ነው። በእጁ የኋላ መብራት ሽቦ ይዞ ነበር። ፖሊሶቹ አስከሬኑን ለማውጣት መኪናውን ቢገፉት እምቢ ስላላቸው ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ጎተቱት። መርማሪዋ ስትደርስ ጋራዡ ውስጥ የቀሩት መኪናውና እርስ በርስ የማይተያዩ ሦስት ሰዎች ናቸው።

መኪናው አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው። ሰውዬው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀለሙን ልጦ፣ ሞተሩን አውርዶ፣ እንደ አዲስ ሲሠራው ኖሯል። ከበሩ አጠገብ ሁለት የእንጨት መቀመጫ ዱካዎች አሉ፤ አንደኛው አቧራ ለብሷል። መርማሪዋ ከሁሉ በፊት ያየችው እሱን ነው። የእሷም ቤት እንዲህ ያለ መቀመጫ አለ።

ወለሉ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ጎማ የሚያግዱት ሁለት የእንጨት ሽብልቆች ግድግዳው ላይ ከምስማራቸው ተሰቅለዋል። እጅ ፍሬኑ እስከ ላይ ተስቧል። ጎንበስ ብላ ስታይ ካርዳኑ፣ ያ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ የለም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የሟቹ የዘመናት ጓደኛ ከበሩ ሳይርቅ። ቀጭን፣ ራሱ ሰፋ ያለ መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል። «የዚህ መኪና እጅ ፍሬን ካርዳኑን እንጂ ጎማውን አይዝም። ካርዳኑ ከወጣ የፍሬኑ ማንሻ ባዶ ነው። ወንድሜ ይህን ረሳና ፍሬን ስቤያለሁ ብሎ ሽብልቁን አነሣ። እርጅና ነው እንግዲህ።»

መርማሪዋ ጋራዡን መጨረሻ ያየው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ሟቹ ካምቢዮውን በአዲስ ልቀይር ሲል ተጣልተው ነበር፤ «የመኪናውን ነፍስ አታውጣ» ብሎት ወጥቶ፣ ዛሬ ለቅሶ እስኪመጣ ድረስ እግሩ እንዳልረገጠ ነገራት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ይኖራል። ጋራዡን ለስፌት ቤት ሲለምን ዓመታት አልፈዋል፤ ይህንንም አልደበቀም። ማታ ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ግን ከዚያ ክፍል ብረት ሲወድቅ መስማት ለምዷል። ስለ ካርዳኑ ስትጠይቀው ግራ ገባው።

«እሱ ደግሞ የት ጋ ነው ያለው? እኔ መኪና የማውቀው ስሳፈር ነው የኔ እመቤት።»

የሟቹ ልጅ ፍሪጅ ጠጋኝ ናት። አዲሱ ካምቢዮ ከአሮጌው ስለሚረዝም፣ ካርዳኑን ለማሳጠር ቶርኖ ቤት የወሰደችው እሷ ናት። ስለ እጅ ፍሬኑ ስትጠየቅ ግን አላውቅም አለች። ዓይኗ ሁሉንም ሲዞር የኋላ ጎማዎቹን ይዘላል።

መርማሪዋ ካርቶን አንጥፋ ከመኪናው ሥር ገባች። ስትወጣ ልጅቱን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ጠራቻት።

«ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን አዲስ ኬብል ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ። ጎማዎቹን የሚይዘውን የኋላ አክስልም ቀይረናል። አዲሱ እጅ ፍሬን ጎማውን ነው የሚይዘው፤ ካርዳን ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።» ድምፅዋ ወረደ። «ማንሻው ተስቦ እያለ ነው መኪናው የሄደው። ስለዚህ ሥራዬ አልያዘም። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ሲሠራ እጅ ፍሬን ይስባል?»

«አይስብም። የአሮጌው ፍሬን ልማድ ነው፤ የሚያምነው ሽብልቁን ብቻ ነበር። ትናንት ግን…» ከንፈሯን ነከሰች። «አምኖኝ ይሆናል።»

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ወደ ጋራዡ መለሰቻትና ሦስቱን መኪናው ጎን አቆመቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «ወለሉ ዘቅዝቋል። ሽብልቆቹ ግድግዳ ላይ ናቸው። ጠረጴዛው ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ነው። ታዲያ መኪናውን ምን ይዞት ቆመ?»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላ ጎማዎቹን አየች።

መርማሪዋ ሁለት ፖሊሶች ሽብልቆቹን ይዘው ከጎን እንዲቆሙ አድርጋ ማንሻውን አወረደችው። መኪናው ያለ ድምፅ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ ፖሊሶቹ ሽብልቁን አስገብተው አስቆሙት።

«ፍሬኑ በደንብ ይይዛል። ስለዚህ ሰውዬው ሲሞት አልተሳበም ነበር፤ የሳበው ሰው በኋላ ነው የሳበው። አጎትየው ቢሆን አይስበውም፤ የተሳበ ፍሬን መኪና ይይዛል ብሎ የሚያምን ሰው ስለሆነ፣ ተስቦ ከተገኘ አደጋ እንደማይመስል ይገባዋል። ልጅቱም አትስበውም፤ እንደሚይዝ ታውቃለች። ማንሻውን ስቦ ‹ሽማግሌው ተሳስቶ ነው› ሊያሰኝ የሚያስብ፣ አሮጌውን መኪና አጥንቱ ድረስ የሚያውቅ፣ አዲሱን ግን ያላየ ሰው ብቻ ነው።»

ብሎን አቧራ የለበሰው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

ትናንት ማታ ሊታረቅ መጥቶ እንደነበር ተናገረ። ሟቹ ደስ ብሎት ከመብራቱ ሥራ ሳይነሣ አወራው፤ ሊያልቅ ነው፣ ከልጄ ጋር ሩቅ እንነዳዋለን አለው። መኪናው ያለው ሁለት ወንበር ነው።

«እኔ ቤቴ ማንም የለም» አለ። «ይኼ መኪና ካለቀ የት ነው የምመጣው? ሽብልቆቹን በእግሬ መታኋቸው። ቀና እንዲል ነበር… እንዲያየኝ።»

«ሽብልቆቹንስ ማን ሰቀላቸው?» አለች መርማሪዋ።

እጆቹን አየ። «እኔ። ድሮም የኔ ሥራ ነው።»

ሲወስዱት ልጅቱ «ጋሼ» አለችው፣ እንደ ድሮው። እሱም ዞር አላለም።

አጎትየው እኔ ዘንድ እደሪ ቢላት እመጣለሁ አለችው። ሁሉም ሲሄዱ በሩን ገርበብ አድርጋ መኪናው ውስጥ ገብታ በለመደችው በቀኙ ወንበር ተቀመጠች። የአባቷ ባዶ ነው። እጇን ዘርግታ ማንሻውን እስከ ላይ ሳበችው፤ ወርዳ ሁለቱን ሽብልቆች አወጣችና ከጎማው ኋላ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

መኪናው ከጀርባዋ ያለ ሽብልቅ ቆሞ ነበር።