ወንዙ እስኪጎድል

ብስክሌቱ የለም።

ሐዊ የዕቃ ቤቱን በር ከፍታ ደርቃ ቀረች። መጥረጊያው አለ። ድንኳኖቹ አሉ። የእንግዶች ጫማ ከነጭቃው ተደርድሯል። ብስክሌቱ የሚሰቀልበት መንጠቆ ግን ባዶውን ነው። በር የሰበረ የለም፣ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነበር። አሁን ራሷ ናት የከፈተችው።

ቁልፉ ደግሞ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው።

ማረፊያ ቤቱ ጭላሎ ተራራ ወገብ ላይ ነው፤ በእግርም በብስክሌትም ለሚወጣ ሰው አልጋና ምግብ ይሰጣል። ሐዊ አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ከሁሩታ መጥታ የተቀጠረች ናት፣ ገና ሁለት ወሯ ነው። ሰኞ የጀመረው ዝናብ እስከ ዛሬ ሐሙስ አላቆመም። ወንዙ ሞልቶ ወደ አሰላ የሚወስደውን ድልድይ ውጦታል። ከላይ ጉም፣ ከታች ወንዝ። በቃ፣ አምስት ሰው ተዘግቶበት ቀርቷል።

ስለዚህ ሌባው ከአምስቱ አንዱ ነው። ብስክሌቱም የትም አልሄደም።

የጠፋው የሌሊሳ ብስክሌት ነው። ሌሊሳ የሮቤ ከተማ ልጅ ነው። እሁድ አዳማ ላይ የማጣሪያ ውድድር አለበት፣ ከፍታ ላይ ልምምድ ሊሠራ ነው ከአሰልጣኙ ጋር የመጣው። አሰልጣኝ አብዶ ሲሰማ አንድ ቃል አልጮኸም። ወንበር ሳበና ሐዊን ፊቱ አስቀመጣት።

"መቼ ቆለፍሽ?"

"ከእራት በፊት።"

"ከዛ ቁልፉ የት ነበር?"

"አንገቴ ላይ።"

"ሌሊቱን ሙሉ?"

"ዕቃ ሳጥብ ወጥ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅዬው... ረስቼው ተኛሁ። ጠዋት እዛው ነው ያገኘሁት።"

"አሁን ደግሞ ሚስማር መጣ።"

"አታውልቂው አላልኩሽም?" አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ በቀለች። "ስንቴ ነው የነገርኩሽ?"

ከዛ ቦርሳዋን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ብስክሌት ቦርሳ ውስጥ እንደማይገባ ማንም አላሰበም። የውስጥ ልብሷ ሁሉ ሰው ፊት ተበተነ። ሌሊሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

በረንዳው ሥር ጭቃው ላይ የጎማ መስመር ነበር፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ። አብዶ እየሮጠ ተከተለው። መስመሩ ሄዶ ሄዶ የኦቦ ከዲሮ የውሃ ጋሪ ጋ ቆመ። ኦቦ ከዲሮ ጥበቃም ናቸው፣ ፈረሶቹንም የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

"ጋሪዬን ልታስረው ነው?" አሉት።

አብዶ አልሳቀም። ኔትወርክ ያለበት ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ወረደ። "ለፖሊስ ደውያለሁ" አለ። "የቤቱ ሠራተኛ ሰርቃለች ብያለሁ። ወንዙ ሲጎድል ይመጣሉ።"

ሐዊ ሁሩታን ታውቃታለች። ሌባ የሚለው ወሬ ከሚኒባሱ ቀድሞ ይደርሳል። ከዛ በኋላ ማን ይቀጥራታል? እናቷስ ገበያ እንዴት ትወጣለች? ሁሉም በየአስር ደቂቃው እየተነሳ ውሃው ቀነሰ እያለ በመስኮት ያያል። እሷ ብቻ ባይጎድል ትላለች።

እሷና... ሌሊሳ። ትዝ አላት። እሁድ ውድድር ያለበት ሰው አንዴም ወደ ወንዙ አልተነሳም። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው። ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው እኮ ይራገማል፣ ቢያንስ ይፈልጋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ኦቦ ከዲሮ ከፈረሶቹ ቤት ጠሯቸው። ለፈረሶቹ ጭድ ሲስቡ ብረት ነክቷቸዋል።

ብስክሌቱ ነው።

"አያችሁ?" አለ አብዶ። "ቁልፍ ከእሷ፣ ጭድ ከእሳቸው። ተባብረው ነው።"

"እኔ ብሰርቅ ኖሮ እንዲህ አላስተኛውም ነበር" አሉ ኦቦ ከዲሮ። "እየው። እንደ አራስ ልጅ ነው ያስተኙት።"

እውነታቸውን ነው። ከታቹ ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፏል። ካቴናው ደግሞ ጭድ እንዳይገባበት በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። ሐዊ ተንበረከከች።

"አሰልጣኝ፣ ለምንድነው ማርሹ ወደ ላይ ሆኖ የተኛው?"

"በማርሹ በኩል ከተኛማ ይጣመማላ። ማንኛውም ብስክሌተኛ..."

አብዶ ወደ ማርሹ ጎንበስ አለ።

"እኔ ግን አላውቅም ነበር" አለች ሐዊ። "እትዬ በቀለች ያውቃሉ?"

"ከየት አውቄ።"

"ኦቦ ከዲሮስ?"

"እኔ የማውቀው የፈረስ ነው፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው።

"እዚህ ቤት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው ማለት ነው።"

"እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" አለ አብዶ።

ሐዊ ካቴናው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታችው። ሳበችው፣ ተለጠጠ። ለቀቀችው፣ ተሰበሰበ። ጨርቅ አይደለም። የመገጣጠሚያ ፋሻ ነው፣ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ።

"ግማሹ ነው ይሄ። ሌላው ግማሽ የት አለ?"

ሐዊ ወደ ሌሊሳ ዞረች። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደረጃ በጎን ነው የምትወርደው። ሱሪህን ሰብስበው እስቲ።"

"ምን አገባሽ?"

"ሰብስበው" አለ አብዶ ቀስ ብሎ።

ሌሊሳ ሰበሰበው። ግራ ጉልበቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ከላዩ ላይ ግማሽ ፋሻ።

"መቼ ነው?" የአብዶ ድምፅ ተቀየረ። "መቼ ነው የወደቅከው?"

"ሰኞ። ቁልቁለቱ ላይ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህስ?" አለ ሌሊሳ። "ጉልበቱ ያበጠ ከክለቡ ይባረራል። አምናም አንዱን አባራችሁታል። ብስክሌት ለተሰረቀበት ግን ይታዘንለታል። ለከርሞ ሌላ ዕድል ይሰጡታል። አባቴ በሬ ሸጦ ነው የገዛልኝ። ሮቤ ምን ብዬ ልግባ? ቁልፉን ሚስማሩ ላይ አየሁት፣ በቃ። ከድኜው ልወርድ ነበር፣ በኋላ ይገኛል ብዬ።"

"ልጅቷስ?"

"የሷን አላሰብኩም።"

እትዬ በቀለች "ጌታ ሆይ" አሉና ጭዱ ላይ ተቀመጡ። አብዶ ሐዊን ወደ ጎን ወሰዳት።

"ስሚኝ የኔ እህት። ብስክሌቱ ተገኘ ብለን እንደውል። ማን ወሰደው ምናምን አያስፈልግም። ልጁ ይጠፋል።"

"እኔስ ስጠፋ?"

"እኔ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ።"

"እርስዎ አይደውሉም። እሱ ይደውል።"

ሌሊሳ ሳይከራከር ተነሳ። ትልቁ ድንጋይ ሩቅ አይደለም፣ ለጤነኛ ሰው። ለሱ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። ሐዊ ከኋላው ናት። አልደገፈችውም፣ አላቻኮለችውም። ጉሙ ሁለቱንም ዋጣቸው።

ድንጋዩ ላይ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራና ተነሳ።

"ስለ ብስክሌቱ ነው" አለ ሌሊሳ። "የደበቅኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልወሰደችም።" አዳመጠ። "አዎ፣ የቤቱ ሠራተኛ።" እንደገና አዳመጠ። ስልኩን በእጁ ሸፈነና ዞረ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ አቅርባለታለች።

"ማን ልበላቸው?" አለ።

"ሐዊ ዱሬሳ" አለች። "ከፍ አድርገህ በል።"