የቡ ዊራትሚ የመጨረሻ ጭብጨባ

ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ምቦክ ጁም የሩዝ እጣቢ ልትደፋ ከአዳራሹ ጀርባ ስትወጣ፣ የመምህራን አሠልጣኟን ቡ ዊራትሚን ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ወድቃ አገኘቻት። ጭንቅላቷ ተፈንክቷል፤ የፊሽካዋ ገመድ ተበጥሶ ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ምቦክ ጁም አልጮኸችም። ድስቱን አስቀምጣ ሰው እስኪመጣ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተር ሱማርሲህ ስትደርስ ሠልጣኞቹ መምህራን በየክፍላቸው ተቀምጠው፣ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ተከልክለው ነበር። ደግሞም ማን ሊነጋገር? ሁሉም ደንዝዘዋል። ሻይ ሲሰጧቸው ይቀበላሉ፤ ሳይጠጡት ይቀዘቅዛል። የአካባቢው ሳጅን ግን ነገሩን ጨርሶ ካቴናውን አዘጋጅቷል።

ሳጅኑ የፈረደበት ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ካክ ዳማር ነው። የስካውት መሪ ስለሆነ ልጆች «ካክ»፣ ወንድምጋሼ ይሉታል። ባለፈው ክረምት ልጆቹን ወደ ወንዝ ይዞ ወጥቶ፣ ዊስኑ የሚባለውን ጎርፍ ወሰደበት። «በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው» ብሎ የመሰከረበት የገዛ ርዕሰ መምህሩ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ቡ ዊራትሚ ልጆችን በሰላም አውጥቶ ስለመመለስ ስታሠለጥን የዊስኑን ስም ስትጠራ፣ ዳማር ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ ያየው የለም።

«የት ነበርክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሐይቁ ዳር።»

«ገደላት እንደሚሉህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። ልጁንም ገደለው ብለውኛል።» ድምፁ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ይሁን፣ ኢቡ» አላት፣ እመቤቴ እንደ ማለት። «ከዚያ ወንዝ ወዲህ የሚሰማኝ ነገር የለም። ብትወስዱኝም ያው ነው።»

ሚስትህ ነፍሰ ጡር አይደለችም ወይ ብትለው አንገቱን ደፋ። ሰው ራሱን መከላከል ሲሰለቸው ጥፋተኛ ይመስላል። ሳጅኑን ያሳሳተውም ይኸው ነው።

የቡ ዊራትሚ ረዳት ቡ ሌስቲያና ቀጥሎ ያለውን አስረዳች። ዳማር ከወጣ በኋላ አሠልጣኟ ለዊስኑ መታሰቢያ ራሷ የፈጠረችውን፣ ማንም የማያውቀውን፣ መምህራን ክፍል ጸጥ የሚያሰኙበትን ዓይነት አዲስ ጭብጨባ አስተማረቻቸው። እሷ ሁለቴ ታጨበጭባለች፤ መምህራኑ ሁለቴ አጨብጭበው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ በዝምታ ያሳርፋሉ። ደጋግማ ደጋግማ ስታስጠናቸው ምቦክ ጁም ሳትቀር ከወጥ ቤት ሆና ትመልስ ጀመር። በመጨረሻም፣ በዚያ ዝናብ ልጆቹን ያስወጣቸው ማን እንደሆነ ነገ እነግራችኋለሁ ብላ አሰናበተቻቸው።

ኢንስፔክተሯ መጨረሻ ያነጋገረችው የዳማርን ርዕሰ መምህር ፓክ ሐርታንቶን ነበር። የመዝጊያ ንግግር ሊያደርግ የተጋበዘ እንግዳ ነው፤ ሬሳው ከተገኘ በኋላ ደርሶ፣ ከዚያ ጀምሮ ከሳጅኑ ጎን አልተለየም። ጎሕ ሲቀድ ከቤቴ ተነሣሁ፣ በቀጥታ መጣሁ አለ። ኢንስፔክተሯ የካኪ ሸሚዙን አየት አድርጋ አመሰገነችው።

ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ሐርታንቶን እንደ እንግዳ ከፊት፣ ዳማርን ከጥግ፣ መምህራኑን ከኋላ። ምቦክ ጁም በሩ ላይ ቆመች። ኢንስፔክተሯ ከፊታቸው ቆማ፣ ምንም ሳትናገር፣ ሁለቴ አጨበጨበች።

እጆቹ መለሱ። ማንም አስቦ አልነበረም፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። መምህራኑ ሁለቴ አጨብጭበው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ምቦክ ጁም ሁለቴ አጨብጭባ እጇን አወረደች። የዳማር እጆች ጉልበቱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። የፓክ ሐርታንቶ ቀኝ እጅ ግን ደረቱ ላይ ነበር።

«እዚያው ይሁን፣ ፓክ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማን አስተማረዎት?»

«ይሄማ... መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«ካክ ዳማር አያውቀውም፤ ቀድሞ ወጥቷል። ምቦክ ጁም በጆሮዋ ስለሰማች ጭብጨባውን ብቻ ታውቃለች። ደረት ላይ የሚያርፍ እጅ ድምፅ የለውም፤ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ አላሳየሁዎትም። ሰዎቹ ከኋላዎ ናቸው። ዛሬ ከነሱ ጋር አልተነጋገሩም። እንግዲህ ትናንት መስኮቱ ጋ ቆመው አይተዋል ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሸሚዙ አመለከተች።

«ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው። ዞር ብለው ይዩ፤ መምህሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል። የመምህር የደንብ ልብስ በቀን የተመደበ ነው፤ ነጭ የረቡዕ፣ ካኪ የማክሰኞ። ዛሬ ጠዋት ከቤቱ የተነሣ ርዕሰ መምህር በረቡዕ ካኪ አይለብስም፤ ተማሪ ይስቅበታላ። እርስዎ ከቤትዎ የወጡት ትናንት ነው።»

ሰውየው እጁን ከደረቱ አላነሣም። የረሳው ይመስላል።

«ደውላልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹ሰው ሳይነግርብህ ራስህ ተናገር› አለችኝ። ልለምናት ነው የመጣሁት። እስክትወጣ ስጠብቅ በመስኮት አየኋችሁ፤ እጄም ዝም ብሎ ይከተላችሁ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይሄንኑ ነው። ደረጃው ላይ ‹ስሚኝ› ብዬ የፊሽካዋን ገመድ ያዝኩ። አልሰማም አለች። ጎትቻት ይሁን ገፍቻት፣ አላውቅም። ሞተር ብስክሌቴ ላይ ተቀምጬ አነጋሁ።» ወደ ጥጉ ዞረ። «ዝናቡን አይቻለሁ፣ ዳማር። አይሆንም ብለኸኝ ነበር። ውጡ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሳጅኑ ለዳማር ያዘጋጀውን ካቴና በሐርታንቶ እጅ ላይ አስገብቶ ይዞት ወጣ። መምህራኑ አልተንቀሳቀሱም። ዳማርም ነፃ ነህ ተብሎ እንኳ አልተነሣም። ብዙ ቆይቶ ነው ወደ ቡ ሌስቲያና ቀና ያለው።

«ያ ጭብጨባ እንዴት ነው?»

«የዊስኑ ነው። ዛሬ ላንተም ልታሳይህ ነበር።»

ሁለቴ አጨበጨበችለት። እሱም ሁለቴ አጨብጭቦ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ ልቡ ሲመታ መዳፉ ላይ ተሰማው። ያኔ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ከወንዙ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ማንም ዝም በል አላለውም።

ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ ስልክ ለመነ፤ ሚስቱ ጋ ሊደውል።