ከፍራሹ ሥር ያለው ሞላ

ሙሴ ሃንስ ነጭ ጢሙን ወደ ጣሪያው ቀስሮ ሰሌኑ ላይ ተንጋሏል። ሁለት እግሮቹን አንድ ላይ አነሣ፣ አየር ላይ ያዛቸው፣ ከዚያ ማር ከማንኪያ እንደሚወርድ ቀስ አድርጎ መለሳቸው። የሺዓለም አልጋዋ ላይ ሆና አፏን ይዛ ታየዋለች። ጓደኛዋ ሸሪፋ ግን አልቻለችም፤ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«አበደልሽ! ሙሴ ሃንስ አበደ!»

«አትሳቂ» አለ ሙሴው ከመሬት ሳይነሣ። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ እስቲ አድርጊ።»

ሸሪፋ ከጎኑ ተጋደመችና እግሮቿን ወረወረቻቸው። ሲወርዱ ወለሉን ድብ አደረጉት። አሁን የሳቀችው የሺዓለም ናት።

«አየሽ? ጉልበት እግር ውስጥ አይደለም» አለ ሙሴ ሃንስ፣ ከቀበቶው በታች ሆዱን እየነካ። «እዚህ ነው። ይሄ ሲጠነክር ጀርባ አያምም፣ እግርም አይንቀጠቀጥም።»

ሙሴ ሃንስ ጀርመናዊ ነው፤ አራዳ ውስጥ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ይባል ነበርና እሱም ሙሴ ሆኖ ቀረ። ከጊዮርጊስ በታች ባለች ጠባብ ክፍል ሰዓትና የልብስ ስፌት መኪና ያድሳል። የዚያን ዕለት ጠዋት የመጣው የየሺዓለምን የብረት አልጋ ሊጠግን ነበር። ከአልጋው ሞላዎች አንዱ ተበጥሶ፣ ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር ጎኗን ይወጋታል።

የተገላበጠችውም ብዙ ነው። የትምህርት ቤቱ የድንጋይ ደረጃ ላይ በዝናብ ተንሸራታ ቅልጥሟ ከተሰበረ ወዲህ ከዚያ አልጋ አልወረደችም። ወጌሻው ገነነ በሸምበቆ አስሮ አዳናት። እስሩን የፈታ ቀንም በጣቱ ዳሶ ዳሶ፣ «ገጥሟል፣ ከእንግዲህ ቀስ እያለች ትነሣ» ብሎ ነበር።

ያሳደጓት አያቷ እማማ ደብሪቱ ግን ይህን ሊሰሙ አልፈለጉም። «ትነሣ? ወንድሜን መድኃኔንም እንዲሁ ተነሣ ብለውት ነው ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ የኖረው! የእኔ ልጅ ከአልጋ አትወርድም» አሉ። የሚወድ ሰው ሲፈራ ጆሮው ይደፈናል። ጠያቂ ጎረቤትም ሁሉ እየመጣ፣ «እግዜር ይማርሽ፣ አይዞሽ፣ አትነሺ» እያለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። እግሯ ከሳ፣ ጭኗ ላላ። አንድ ጊዜ አያቷ ሳያዩ ለመቆም ሞክራ ጉልበቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈባት። ከዚያ ወዲህ፣ ከእንግዲህ እራመድ ይሆን ወይ የሚለው ፍርሃት ከደረቷ ላይ አልወረደም።

ለዚህ ነው፣ ሙሴ ሃንስ የከሳ እግሯን አይቶ «በአልጋ ላይም ሥራ አለ» ሲላት ጆሮዋ የቆመው።

«ማን አስተማረህ?» አለችው።

ሙሴው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። እንግሊዝና ጀርመን በተዋጉበት በታላቁ ጦርነት ጊዜ፣ አለ፣ እንግሊዝ አገር ያለነውን ጀርመኖች ሰብስበው ደሴት ላይ አሰሩን። እዚያ አንድ እስረኛ ነበር፤ ቡጢ ይጋጠማል፣ ይገለባበጣል። በልጅነቱ ግን በሽተኛ ነበር፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አጥንቱ ልል ነው። ሰውነቱን ራሱ ነው ያነፀው። ያለ ሥራ የተቀመጠውን እስረኛ ሁሉ በየቀኑ ያሠራ ነበር።

«ከማን ተማረ ታዲያ?»

«ከድመት ነው ይባላል። ድመት ከእንቅልፏ ስትነቃ ምን ታደርጋለች?»

«ትንጠራራለች» አለች ሸሪፋ።

«ሌላ ወጌሻ አላት?»

ልጆቹ ተያዩ። ስለ ድመት እንዲህ አስበው አያውቁም።

«መነሣት ለማይችሉት ደግሞ» አለ ሙሴ ሃንስ፣ የተበጠሰውን ሞላ አንሥቶ በሁለት እጁ እየሳበ፣ «ይህን ከአልጋው ራስጌና ግርጌ አሰረላቸው። ተኝተው ይስባሉ፣ ሞላው መልሶ ይስባቸዋል። ስሙ ዮሴፍ ነው። የቤተሰቡ ስም ጲላጦስን ይመስላል። በልጅነቱ ልጆች በዚህ ስም ያበሽቁት ነበር አሉ።»

«ጲላጦስ?» የሺዓለም ዓይኗ ፈጠጠ። «እማማ እኮ ጲላጦስ ጻድቅ ነው ነው የሚሉት!»

«እንግዲያው እዚህ ቢወለድ ይሻለው ነበር» አለ ሙሴው፣ ጢሙ ውስጥ እየሳቀ።

ለአልጋው አዲስ ሞላ ገባለት። አሮጌው የየሺዓለም ሆነ። ሸሪፋም ከአባቷ ከኑሪ የኮርቻ መስፊያ ሱቅ እግር የሚያስገባ የቆዳ ማንገቻ አመጣችላት፤ ዳር ዳሩ በኑሪ ድርብ ስፌት የተሰፋ። እማማ ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ ሞላው ከፍራሹ ሥር ይወጣል። የሺዓለም ትንፋሿን ታስወጣለች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፣ እግሯን ትገፋለች፣ ቀስ ብላ ትመልሳለች። ስትቸኩል ሞላው ይንጫጫባታል፤ ስትረጋጋ ዝም ይላል። ለመብዛቱ ሳይሆን ለማማሩ ተጨነቂ ብሏታል ሙሴው። መጀመሪያ የሄደላት የጀርባዋ ሕመም ነው። ቀጥሎ ትንፋሿ ረዘመ። አንድ ቀን አልጋው ላይ እንዳለች ግርጌውን ይዛ ቆመች፤ ጉልበቷም አልከዳትም።

«አልተንቀሳቀስሽም አይደል፣ እናትዬ?» ይሏታል አያቷ ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወርዱ።

«ከአልጋ አልወረድኩም፣ እማማ።»

እውነት ነበር። ግን የሚያነክስ እውነት ነው።

እማማ ደብሪቱ እግሯን በቅቤ ሲያሹ መጠንከሩን አዩ፤ እልልታቸው ጎረቤት ጠራ፤ «ተኝታ ዳነች» ብለውም እንድትነሣ ፈቀዱላት። በትር ይዛ ቤቱን ስትዞር ደግሞ ለጊዮርጊስ የተሳሉትን ጥላ ገዙ። «ሰኞ ትምህርት ቤትሽ ትመለሻለሽ» አሏት፤ ያንን የድንጋይ ደረጃ ሲረግሙ የኖሩት ሴት። የሺዓለም በደስታ እጃቸውን ሳመች።

ስለታቸውን አግብተው የተመለሱ ዕለት ግን ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «በዚያው ኑሪን ጠይቄው መጣሁ» አሉ።

የሸሪፋ አባት ኑሪ ኮርቻ ሊሰቅል የሱቁ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ወድቆ እግሩን ከሰበረ ሰንብቷል። የሱንም እስር ወጌሻ ገነነ ፈቶ፣ ቀስ እያልክ ተነሣ ብሎታል።

«እንዳትሰማው አልኩት። የእኔ ልጅ ምስክር ናት፣ እንደ ድንጋይ ተኝታ ነው የዳነችው አልኩት። ምስኪን፣ እጄን ይዞ መረቀኝ። አልነሣም አለ።»

የሺዓለም ዓይኗን ወደ ፍራሹ ጣለች። ቀና ስትል ሸሪፋ በሩ ላይ ቆማለች። የዚያች ቀልደኛ ልጅ ፊት ዛሬ ቀልድ የለበትም። እማማ ደብሪቱ ውሃ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ቀርባ አንሾካሾከች።

«አባቴ ትራስ ላይ ቀና ማለት እንኳ እያቃተው ነው። ሱቁ እንደተዘጋ ነው።»

«ለምን እውነቱን ለአባትሽ አትነግሪያቸውም?»

«ነገርኩት። "ልጅ ምን ታውቃለች፣ እማማ ደብሪቱ ያሉት ይበልጣል" አለኝ። እሳቸው ካላሉት አይሰማም። እሳቸው ደግሞ አንቺ ካልነገርሻቸው አያውቁም።»

የሺዓለም የተሰቀለውን የመጻሕፍት ቦርሳዋን አየች። ብትናገር አያቷ የሚሉትን ታውቀዋለች፤ ትምህርት ያስተማረሽ መደበቅ ነው ወይ? ሰኞም ይቀራል። ሙሴ ሃንስም ደጃፋቸውን አይረግጥም። ጥላው ደግሞ፣ ያ የሚያምረው ጥላ፣ በሰው ፊት ገብቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ሸሪፋም እንደማትከዳት ታውቃለች። ኑሪ ግን የእሷን እግር አምኖ ተኝቷል።

እማማ ደብሪቱ ውሃቸውን ይዘው ተመለሱ። «ምን ሆናችኋል? ፊታችሁ ምነው? ታመምሽ እንዴ ልጄ?» አሉ፣ እጃቸው ወዲያው ግንባሯ ላይ።

የሺዓለም እጃቸውን ይዛ ወደ ዱካው መራቻቸው።

«ይቀመጡ፣ እማማ። የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ምንድን ነው? ኧረ አታስደንግጪኝ!»

ከፍራሹ ሥር ሞላውን ሳበች። ቆዳው ተከትሎ ወጣ። እማማ ደብሪቱ ቆዳውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ድርብ ስፌቱን አወቁት።

«ይሄ የኑሪ እጅ አይደል?»

«ነው። ወደ እሳቸው ቤት ሄደን ተነሡ ከማለታችን በፊት እርስዎ እንዲያዩት ነው።»

መልስ አልጠበቀችም። ሞላውን ከግርጌው ብረት ላይ አሰረች፣ ተንጋለለች፣ እግሯን ማንገቻው ውስጥ አስገባች። ትንፋሿን አስወጣች። ከዚያ አያቷ ደህና አድርገው እንዲያዩ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ ብላ መግፋት ጀመረች። ሞላው አልተንጫጫም።

እማማ ደብሪቱ ከዱካው ብድግ አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ከልጅቷ እግር ሥር ዘረጉ፤ ሳይነኳት፣ ብትወድቅ ሊይዟት።