ውዱ ካርድና የሪያሊን ምላስ

ሪያሊን ሰው ትንቃለች። ይሄን ከወዲሁ ብናገር ይሻላል፤ በኋላ «ምን ዓይነት ሴት ናት?» እንዳትሉኝ። ግራና ቀኙ የኮምፒውተር ሱቅ በሆነው በጊልሞር መንገድ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ዕቃ ሸጣለች፣ ገጣጥማለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ እንኳ የሚከበር ገዢ አላጋጠመኝም ባይ ናት።

እውነቷን ነው፤ የሚመጣው ሰው ጉድ ነው። ቅዳሜ ሲሆን የዋጋ ዝርዝሩን ወረቀት ጨብጦ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይውላል። እዚህ ሃምሳ ፔሶ ከቀነሱለት ወረቀቱን እዚያ ወስዶ ያሳያል፤ እዚያ ሠላሳ ጨምረው ከቀነሱለት ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉ የባሱት ግን ትልቁን ግራፊክስ ካርድ፣ የስክሪኑን ምስል የሚያፈጥነውን ዕቃ፣ የሚገዙት ናቸው። ዋጋው ደህና ሞተር ሳይክል ይገዛል። እነሱ ግን ጨዋታ ውስጥ ቦምብ ሲፈነዳ ጭሱ አምሮ እንዲታያቸው ይገዙታል።

«ጭስ ማየት ከፈለጉ ጌታዬ፣ ቆሻሻ ማቃጠል በነፃ ነው» ትላቸዋለች። እነሱም ይስቃሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። ሪያሊን «ጌታዬ» ስትል ሰምቶ ተከበርኩ የሚል ካለ እሱ ጤና የለውም።

ክሪሳንቶ የሚባለው ገዢ ግን ሌላ ነበር። የዋጋ ወረቀት አልያዘም፣ አይከራከርም። ስምንት ቅዳሜ በተከታታይ መጥቶ መስታወቱ ፊት ቆሞ ያንኑ ትልቁን ካርድ ያያል። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ደግሞ ያለቀለት።

«ጌታዬ፣ በዓይንዎ ሊጨርሱት ነው እንዴ?» አለችው በስምንተኛው።

«ልግዛው አልግዛው እያልኩ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ? ታዲያ ሚስት ሲመርጡ ስንት ዓመት ሊፈጅብዎ ነው?»

«እሱ እንኳ ቶሎ ይወሰናል» አለና ቀና ብሎ አያት።

ሪያሊን ቀድማ ዓይኗን መለሰች። ከገዢ ፊት ቀድማ ዓይኗን መልሳ አታውቅም ነበርና በራሷ ተናደደች።

«ለምን ሥራ ነው?» አለችው፣ ድምፅዋን እያጠነከረች።

ነገራት። አርክቴክቶች የነደፉትን ቤት ወስዶ፣ ባለቤቱ ውስጡ የሚሄድ እስኪመስለው ድረስ በፊልም ያሳያል። ኮምፒውተሩ ግን እየተንፏቀቀ አስቸግሮታል፤ አንድ በር እስኪከፈት ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። ሥራ እያዘገየ ከቢሮው የተባረረውም በዚሁ ነው። አሁን አንቲፖሎ ላይ ቤቶች የሚሠራ ሰው የሦስት ሳምንት ዕድል ሰጥቶታል። ካልደረሰለት ለሌላ ይሰጣል።

«ያለዎት ካርድ ምንድን ነው?»

ስሙን ነገራት።

«እሱማ ለዚህ ሥራ አያንስም!»

«ያንሳል። አብሬው የምውለው እኔ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ቆይ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሪያሊን ግን ምን በወጣት! «ሌላ ጅል» ብላ በሆዷ ደመደመች። የሚገርመው፣ ጅሉ ሲሄድ በመስታወቱ አሻግራ እስኪርቅ አየችው። በማግስቱ ደግሞ የከንፈር ቀለም ገዛች። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ!

በዘጠነኛው ቅዳሜ ገንዘቡን ይዞ መጣ። ይሄ ካርድ ርዝመቱ የክንድ ያህል ነው፤ ስንቱ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አልገባ ብሎት አልቅሷል። ማሸጊያው ከተቀደደ ደግሞ ሱቁ አይመልስም። በዚህ የተነሳ ማዳም ቹዋ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ለዚህ ካርድ ብቻ አንድ ደንብ አላት፦ ሠራተኛ አብሮ ሄዶ፣ ለክቶ፣ ገጥሞ፣ ገንዘቡን እዚያው ተቀብሎ ይመለሳል።

«ሂጂ ግጠሚለት» አለቻት ማዳም። «ካርዱ ተመልሶ እንዳላየው። ምላስሽን ግን እዚሁ ትተሽልኝ ሂጂ።»

ማሪኪና፣ ክሪሳንቶ ቤት ደረሱ። ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ሲሚንቶው የዘይት እድፍ ጠጥቷል። አባትየው እያነከሱ ወጡ። ሪያሊን እንደ አገሩ የአክብሮት ሰላምታ እጃቸውን ተቀብላ ግንባሯን አስነካች።

«መጀመሪያ ብሉ!» አሉ። ፓንሲት የሚሉት የተጠበሰ ፓስታ ቀርቦ ነበር። «ሥራ የትም አይሄድም፤ ይሄ ግን ይቀዘቅዛል።»

«አባባ፣ መኪናው የት ሄደ?» አለች፣ በሹካ ወደ ደጅ እያሳየች።

«ተሳፋሪ የማመላልስባትን ጂፕኒዬን ነው? ሸጥኳት፣ ልጄ። ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥም አለ። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ይከፈት ብሎኛል።» ሳቅ አሉ። «ጉልበት ይቆያል፤ የልጅ ሥራ አይቆይም።»

ክሪሳንቶ ሳህኑን እያየ ነበር። ሪያሊን ሹካዋን አስቀመጠች። ኮምፒውተሩ ወዳለበት ጓዳ እንደገቡ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ያባትህን ጉልበት ነው ልትሰጠኝ የመጣኸው?» አለችው። «ጌታዬ» ማለቱ ቀርቷል። «አታፍርም? አንካሳ ሽማግሌ ደጅ አስቀምጠህ!»

«አልወስድም ብዬው ነበር። ካልወሰድክ ከቤቴ ውጣ አለኝ። ይሄን ሥራ ካገኘሁ ግን በሦስት ወር ውስጥ አሳክመዋለሁ።»

«ካላገኘህስ?»

ክሪሳንቶ ወንበሩን ገፍቶ ለሥራዋ ቦታ ለቀቀላት።

ለመለካት ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ስባ ጀርባውን አዞረች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ደግሞ ሳቋን ለቀቀችው፤ ያንን በገዢ ላይ የምትስቀውን ክፉ ሳቅ።

«ኧረ በሞትኩት! ና፣ ና እይ! ካርድህ እንዳስቀመጡት አለ! የፋብሪካው የላስቲክ ክዳን እንኳ ከላዩ አልተነሳም!»

የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ላይኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። እሱ የኮምፒውተሩ የራሱ ደካማ መሰኪያ ነው፤ ካርዱ ያለው ታች ነው። ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ውድ ካርድ ሳጥን ውስጥ ተኝቶለት ያለ ካርድ ሲሠራ ኖሯል። ክዳኑን ነቀለች፣ ገመዱን አውርዳ ታች ሰካችው።

«ክፈተው በል።»

ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የአንቲፖሎው ቤት ወለል አለ። በሩ እንደነኩት ተከፈተ፣ ደረጃውን ወጡ፣ ከበረንዳው ላይ ዛፎቹ ሲወዛወዙ ታዩ። ምንም አልተንፏቀቀም።

ሪያሊን አሸናፊ ሆና ዞር ስትል የክሪሳንቶ ፊት ዓመድ መስሏል።

«ጠይቄ ነበር» አለ በቀስታ። «አጎቴ ኮምፒውተሩን ከናንተው ሱቅ ገዝቶ የላከልኝ ቀን ደወልኩ። ሁለት ቀዳዳ አለ፣ የቱ ላይ ልሰካ አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት፦ ‹የገባበት ይሰኩት፣ ጌታዬ። ይሄን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተር ባይገዛ ምናለበት› አለችና ዘጋችብኝ። ላይኛው ገባልኝ።»

ሪያሊን ጆሮዋ ጋለ። ያን ጊዜ ስልክ የምታነሳው እሷ ብቻ ነበረች። ንግግሩም የእሷ ነው፤ ስንቱን እንዲህ እንዳለችው ቁጥሩን አታውቀውም። ይሄኛውን እንኳ አላስታወሰችውም። የአንድ ሰው ሥራ ሄዷል፣ ጂፕኒ ተሸጧል፣ የሽማግሌ ጉልበትም ለጥቂት ተርፏል፤ እሷ ግን በዚያ ቀን ምሳ ምን እንደበላች ያህል እንኳ አታስታውሰውም። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል?

የታሸገውን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ክሪሳንቶ እስከ ደጁ ሸኛት። ዘይት የጠጣው ሲሚንቶ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ገና የመጀመሪያው ቅዳሜ ድምፅሽን ለየሁት። ገመዱ መሳሳቱን ዛሬ ነው ያወቅኩት፤ ስድቡ ግን ሁለት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ልሰድብሽ ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው አልሰደብከኝ?»

«ቆሜ አየሁሽ። እኔን ብቻ ንቀሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመጣውን ሁሉ ነው። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጠላ ውላ ማታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ስትሄድ አየሁ። አዘንኩልሽ።»

«አዘንክልኝ? አንተ? ለእኔ?» ብላ ጮኸች። ሌላም ልትጨምር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ምላሷ ላይ ያልነበረ ቃል ያኔ እየተንቀጠቀጠ መጣ። «ይቅርታ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ክሪሳንቶ።»

ክሪሳንቶ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት።

«አላደርግም» አለ። «ሥራዬን ነው ያሳጣሽኝ። ዛሬ አልችልም። ነገ እሑድ ነው፤ ነይና ደግመሽ በይ፣ እናያለን።»

ማዳም ቹዋ ካርዱ ተመልሶ ሲመጣ ያለችውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። ደግሞ ምን ጎደለባት! ሰዓት ሳይሞላ፣ በኮምፒውተር ከካርታ ጨዋታ በቀር ሌላ የማይጫወት አንድ ጎረምሳ አባቱን አስከትሎ መጥቶ ወሰደው። የጂፕኒዋ ገንዘብ ለጉልበቱ ዋለ። የአንቲፖሎው ፊልም ከቀኑ ቀድሞ አለቀ።

ሪያሊን እሑድ ሄደች። ይቅርታ አለች። አልተቀበላትም። በሚቀጥለው እሑድም ሄዳ አለች፤ አሁንም እምቢ። አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ መጀመሪያ ብይ» ይሏታል፤ በልታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ተከልክላ ትመለሳለች። ከጊልሞር አንድ ሰው ይሄን ቢያይ አያምንም።

በሰባተኛው እሑድ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስንት ጊዜ ልበል? ወይ ተቀበለኝ ወይ በቃ በለኝ!» አለችው፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

ክሪሳንቶ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ከተቀበልኩሽማ» አለ፣ «የሚቀጥለው እሑድ በምን ምክንያት ትመጫለሽ?»

ሪያሊን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ያንን ገዢን ሁሉ ስታይበት በኖረችው ዓይን። ከዚያ ገብታ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ጅል» አለችው። «ያለ ምክንያት ነዋ።»