የነጭ ፍሬው መዓዛ

በዓለ ውርጭ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ በአዝራን ቤተ መንግሥት በር ላይ የተሰቀለው ተቀጽላ ነጫጭ ፍሬዎቹን ባንድ ጀንበር አራገፈ። ዘበኞቹ ፍሬውን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ዋሉ። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ክፉ ምልክት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

ተቀጽላ የራሱ ሥር የለውም። በዝሃር ተራራ ጫፍ፣ ባረጀ ጽድ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ያድጋል፤ ሌላው ቅጠል በብርድ ሲጠወልግ እሱ ይለመልማል። የአዝራን ሰው ለበዓሉ ከየደጁ በላይ ይሰቅለዋል። ታላቁ ጥቅሙ ግን በበዓሉ ሽቶ ውስጥ ነው። በየዓመቱ በበዓሉ ምሽት ጋረሞ የተባለው የውርጭ አውሬ ከተራራው ወርዶ በዚያ ዓመት የተወለዱ ሕፃናትን እስትንፋስ ሊወስድ ይመጣል። የሚመልሰው በከተማው በር ድንጋይ ላይ የሚፈሰው ሽቶ ነው። የጽዱ ሙጫ፣ የብርቱካኑ ልጣጭና ከርቤው አጃቢዎች ናቸው፤ አውሬውን የሚያባርረው የተቀጽላው መዓዛ ብቻ ነው።

አምና ጋረሞ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ከሩቅ ሳይሆን፣ የበሩን ሦስተኛ ደረጃ ረግጦ ነበር የተመለሰው። የበዓሉን ሽቶ የሚቀምሙት ሊቀ መዓዛ ደርበው «ነፋሱ ሽቶውን በትኖት ነው» አሉ፤ ሕዝቡም አመነ። ማመን ከመፍራት ይቀላል።

የሊቀ መዓዛው ደቀ መዝሙር አንጓች ግን ዘንድሮ ማመን አልቻለችም። የሃያ ዓመት ወጣት ናት፤ ልጇ እናና ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ፍሬው በረገፈበት ቀን ወደ ቅመማ ቤቱ ገብታ የበዓሉን ብልቃጥ ከፈተች። ይህ ነውር ነው። በአዝራን ልማድ ሊቀ መዓዛው በሕዝብ ፊት ብልቃጡን አሽትተው «ደርሷል» ሳይሉ ማንም ቀድሟቸው ሽቶውን አያሸትም።

የሸተታት የሻገተ ዘይት ነበር።

«ጌታዬ፣ ሽቶው ሞቷል» አለቻቸው።

ደርበው ብልቃጡን ከእጇ ተቀብለው ከደኑት። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ ልጄ። እኔ አርባ ዓመት ምንም ሸትቶኝ አያውቅም።»

«ታዲያ በየበዓሉ ‹ደርሷል› ሲሉ?»

«ውሸት ነበር። የማያሸት ሊቀ መዓዛ ማን ያከብራል ብዬ ፈራሁ።» ብልቃጡን ወደ መደርደሪያው መለሱት። «ፍሬው ቢቆረጥ አይሸትም፤ ቢጨመቅም አይሸትም። የሚሸተው ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ፣ የንጋት ፀሐይ ውርጩን ስትነካው፣ ላንዲት ትንፋሽ ያህል ነው። ያንን ስበሽ ዘይቱ ላይ ትተነፍሽዋለሽ። ሲወጣ ግን ማሽተትሽን ይዞ ይወጣል። እኔ በወጣትነቴ ያመጣሁትን ነው ጠብታ በጠብታ ስቀምም የኖርኩት። ሲበላሽ በምን ልወቀው? ዳግም ልሂድ ብል የምሰጠው አፍንጫ የለኝም።»

አንጓች ተናደደች። ፈራች ደግሞ፤ ከንዴቷ ይልቅ ፍርሃቷ በለጠ። በንጉሥ ደምፀር ፊት ቆማ «ባጠባሁት ጡትና በያዝኩት ሙያ እምላለሁ፤ መዓዛውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ካልተመለስኩ ስሜ አይነሣ» አለች። ንጉሡም «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሂጂ» ብለው ሽማግሌውን አዳኝ ሻረውን ሰጧት።

ከመሄዷ በፊት የእናናን ራስ አሸተተች። ወተትና በፀሐይ የሞቀ ጨርቅ። ደጋግማ አሸተተችው፤ እህቷ ልጅቱን ከእጇ እስክትቀበላት ድረስ።

ሁለት ቀን ወጡ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንጓች አነጠሰች፤ ትንሽ ቆይቶም አፍንጫዋ ድፍን አለ።

«ጋሼ ሻረው፣ አለቀልን። በተደፈነ አፍንጫ ምን እስባለሁ?»

«ጤና አዳም ይዣለሁ፤ አሽትቺው።»

«አይሆንም። ቀማሚ ከሥራው በፊት ብርቱ ሽታ አያስጠጋም።»

«እናንተ ቀማሚዎች አፍንጫችሁን እንደ ሙሽራ ታስቀምጡታላችሁ» አለና ጠፍጣፋ ድንጋይ በእሳት አሙቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ግንባሯ ሥር ያዘላት። ክንዱ ሲዝል በሌላው እየለወጠ እስኪነጋ ያዘው። ሊነጋጋ ሲል አንደኛው ቀዳዳ ተከፈተ።

ከጽዱ ሥር ሲደርሱ ከታች ከሸለቆው ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አዩ። ጋረሞ ወደ ከተማው መውረድ ጀምሯል። ፀሐይ ባለችበት ባይራመድም ቀድሟቸዋል።

ብርሃኑ ቅርንጫፉን ነካ። አንጓች ፊቷን ወደ ነጮቹ ፍሬዎች አስጠግታ ሳበች። የተሰበረ ለምለም እንጨት ሸተታት፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ድንጋይ፤ ከሥሩ ደግሞ ያላሰበችው ቀጭን የማር ጣፋጭነት። እንዲህ ያለ ነገር አሽትታ አታውቅም። ካልተነፈሰችው የእሷ ሆኖ ይቀራል፤ የእናናም ራስ እንዲሁ። ሻረው ከከተማ ይዘውት የመጡትን ዘይት ከፍቶ አቀረበላት። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰችው።

ከጽዱ ሙጫ ቆንጥራ አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ይጣበቃል እንጂ አይሸትም። አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ቁልቁል ሮጠች።

በበዓሉ ቀን፣ ፀሐይ ጠልቃ ሲመሽ፣ በጎን መንገድ ዞረው ከከተማው በር ደረሱ። ጋረሞ ሁለተኛውን ደረጃ ረግጧል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ውስጥ ቀብረዋል። ደርበው ዘይቱን ከሙጫው፣ ከልጣጩና ከከርቤው ጋር ቀላቅለው ብልቃጡን ለአንጓች ሰጧት። «በይ፣ ልጄ፤ አሽትተሽ ‹ደርሷል› በያቸው።»

አውሬው ሦስተኛውን ደረጃ ወጣ። አንጓች ብልቃጡን ወደ አፍንጫዋ አላነሣችም።

«የአዝራን ሰዎች ስሙ! እኔ አይሸተኝም፤ ሊቀ መዓዛም አርባ ዓመት አልሸተታቸውም። ፈርተን ደብቀን ልጆቻችንን ልናስበላ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከመፍሰሱ በፊት እናንተ ታሸቱታላችሁ።»

አጠገቧ ለቆመች አራስ ብልቃጡን አስጠጋችላት። ሴትዮዋ አሸተተች፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ደርሷል» አለች።

አንጓች ድንጋዩ ላይ አፈሰሰችው። ጋረሞ አምስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ፤ አንገቱን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ። ደርበው የሹመታቸው ምልክት የሆነውን የወርቅ መታጠቂያ ፈትተው ከድንጋዩ አጠገብ አኖሩት፤ ማንም አልሰደባቸውም፤ መልሶ ያስታጠቃቸውም የለም።

አንጓች እናናን ተቀብላ አፍንጫዋን በልጅቱ ራስ ላይ ቀበረች። ሙቀት ብቻ ነበር፤ አንገቷ ላይም የልጅቱ ትንፋሽ ይመላለሳል።

«ጋሼ ሻረው፣ ምን ምን ትላለች?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አሸተታት። «ወተት ወተት።»

«ሌላስ?»

ደግሞ አሸተተ። «ጽድ ጽድም ትላለች። ካንቺ ተጋብቶባት ነው።»