የሦስት ቁልፍ መጋዘን

የዛሪማው ጸሐፊ ሐብተ ማርያም ጎንደር ከተማ፣ ከመንግሥት የእህል መጋዘን ጎን ካለ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ግንቦት ነው። አንበጣ ለፈጀው አገሩ እህል ሊያስወጣ መጥቶ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊዎች፣ አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ አቶ ሰጠኝና ፊታውራሪ በላቸው፣ «አዳልጦት ነው» አሉ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ አለኸኝ የሟቹን ጫማ አወለቀ። በእግሩ ጣቶች መካከል ጤፍ ተጣብቋል።

«እህቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲል ከዛሪማ አብራው የመጣችውን የሟቹን እህት ይመኙሽን ጠየቃት።

«ወንድሜ ጫማውን ሳያወልቅ እህል አይረግጥም፣ ጌታዬ። እኛ አገር አውድማ የሚገባ ሁሉ እንዲያ ነው። ምነው፣ እናንተ በጫማ ትረግጡታላችሁ?»

አለኸኝ አፈረ። በግቢው ጤፍ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ብቻ ነው። ለችግር ቀን የተቀመጠውን እህል ማንም ብቻውን እንዳይነካ በሩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሹም አንድ። ዛሪማ ሰው መርገፍ ጀምሯል፤ ሦስቱ ግን አራት ወር ሙሉ «እኔን አይመለከተኝም» እየተባባሉ የአገሬውን የእህል መጠየቂያ ደብዳቤ ሲያንከባልሉት ከርመዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አለኸኝ ሁሉንም መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰባቸው።

«ሟቹ ጫማውን አውልቆ እዚህ ገብቷል። ጫማውን አጥልቆ ደረጃው ሥር የጣለው ገዳዩ ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ያለ ሦስታችሁ ቁልፍም አይከፈትም። እንግዲያው ሦስታችሁም ገዳዮች ናችሁ።»

«እኔን አይመለከተኝም» አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ ፈጥነው። «መመላለሱ ቢሰለቸኝ ቁልፌን በጥምቀት ሰሞን ለፊታውራሪ ሰጥቻለሁ።»

«እኔም ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ሰጠኝ።

ፊታውራሪም «እኔም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የሚያሳብቡበት ሰው አልቀረም። ሦስቱም ቁልፎች ከኪሳቸው ወጡ። በሩ ሲከፈት መጋዘኑ እስከ ግማሹ ባዶ ነው።

«ለነጋዴ ሲያስጭኑ ሐብተ ማርያም ደረሰብዎት» አለ አለኸኝ። ፊታውራሪን ፖሊሶች ወሰዷቸው።

«የቀረውስ እህል?» አለች ይመኙሽ።

«ያለ ትእዛዝ አይወጣም» አሉ አቶ ሰጠኝ። «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እህሉ ኤግዚቢት ነው» አለ አለኸኝ፤ «የወንጀሉ ማስረጃ ሆኖ በፖሊስ ተይዟል። ኤግዚቢቱም ዛሪማ ይሄዳል።»

«ከበላይ ጥያቄ ቢመጣስ ማን ይመልሳል?»

«እኔ» አለ አለኸኝ። ወረቀት አውጥቶ የእህሉን ማስወጫ ትእዛዝ ከነስሙ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና በባዶ እግሩ ወደ እህሉ ገባ።